ካርባይድ ለምን ጠነከረ? ለማምረትስ ለምን አስቸገረ?

ካርባይድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው በብየዳ ቤት የሚገኘውን፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ግራጫ ድንጋይ ነው። ውሃ ሲነካው እየፈላ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ከኦክስጅን ጋር ሲነድ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚሞቅ ነበልባል ይሆንና በያጁ ብረት ይቆርጥበታል፣ ያያይዝበታል። ይህ ድንጋይ ካልሲየም ካርባይድ ይባላል። ነገር ግን የኮንክሪት ግድግዳ የሚበሳው የትራፓኖ ፑንታ ጫፍም ካርባይድ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ላይ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ብናኝ፣ በአንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ኃይል የሚቆጣጠረው ቺፕ፣ የብረት ቢላ ስለት ጥንካሬ ሳይቀር ከካርባይድ ይመጣል። አንዱ በውሃ ጠብታ የሚፈርስ፣ ሌላው ብረት የሚቆርጥ ሆኖ ሳለ የአንድ ቤተሰብ አባላት የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?

ካርባይድ ማለት ካርቦን ከብረታ ብረት ወይም እንደ ሲሊከንና ቦሮን ካሉ ንጥረ ነገሮች ጋር የሚፈጥረው ውህድ ነው። ጠባዩን የሚወስነው ካርቦኑ ከጎረቤቱ ጋር የተሳሰረበት መንገድ ነው። በካልሲየም ካርባይድ ውስጥ ካልሲየም ኤሌክትሮኖቹን ለካርቦን ይሰጣል፤ ካርቦኖቹም ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩና ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ። ሁለቱን ወገኖች አጥብቆ የያዛቸው በተቃራኒ ቻርጆች መካከል ያለው መሳሳብ ነው። ውሃ ሲመጣ ሃይድሮጅኑን ለካርቦኖቹ ይሰጥና አሲቲሊን ጋዝ ይሆናሉ፤ ካልሲየሙ ኖራ ሆኖ ይቀራል። ተንግስተን ካርባይድ ሌላ ነው። ካርቦን ትንሽ አቶም ስለሆነ በትላልቆቹ የተንግስተን አቶሞች መካከል ባለው ክፍተት ገብቶ ይቀመጣል፤ ውህዱ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ግን ከብረት እጅግ ይጠነክራል። በሲሊከን ካርባይድና በቦሮን ካርባይድ ደግሞ አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ይጋራሉ፤ ይህ ትስስር አጭርና ጠንካራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከምለው አብዛኛው ከዚህ ከአጭሩ ትስስር የሚመነጭ ነው፤ ካርባይድን ተፈላጊ ያደረገው እሱ ነው፣ አምራቾቹን ለመቶ ዓመት ያደከማቸውም እሱ ራሱ ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ብየዳ ቤቱ ካርባይድ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ቶማስ ዊልሰን የተባለ ካናዳዊ በ1892 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ኖራና ካርቦን በኤሌክትሪክ ምድጃ እያጋለ ሌላ ነገር ሲፈልግ ነው ለንግድ የሚሆን ካልሲየም ካርባይድ የማምረቻውን መንገድ ያገኘው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በገበያ የሚሸጠው ካርባይድ ንጹሕ አይደለም፤ የፎስፈረስና የአርሰኒክ ቅሪት አለበት፤ ያ የሚሰነፍጠው ሽታም የሚመጣው በዋናነት ከዚህ ቅሪት ነው። ንጹሕ አሲቲሊን ይህን ያህል አይሸትም። በአንዳንድ አገሮች ነጋዴዎች ፍራፍሬ ቶሎ እንዲበስልላቸው ይህንኑ ድንጋይ ይጠቀማሉ፤ ህንድ ድርጊቱን በሕግ ከልክላለች። ክልከላው ትክክል ነው። አርሰኒክ ያለበት ድንጋይ ከሚበላ ነገር አጠገብ ሊደርስ አይገባም። እርጥበት በሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥም አደጋ ነው፤ ጋዙ በተዘጋ ክፍል ከተጠራቀመ ትንሽ የእሳት ፍንጣሪ ይበቃዋል።

ብረት ውስጥ ያለውን ካርባይድ በአጭሩ ልለፈው። ሦስት የብረት አቶሞች ከአንድ ካርቦን ጋር ሲዋሃዱ ሴመንታይት የሚባል ጠንካራ ግን ተሰባሪ ነገር ይፈጠራል። የተለመደው የካርቦን ብረት የዚህ ካርባይድ ስስ ሽፋኖች ከለስላሳ ብረት ጋር ተፈራርቀው የተደረደሩበት ነው። ጠንካራውና ለስላሳው ጎን ለጎን መኖራቸው ቁም ነገር ነው፤ ቀጥሎ የምናየው ፈጠራም ይህንኑ በሌላ መንገድ የደገመ ነው።

ጥንካሬና አለመሰበር አንድ አይደሉም

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በርሊን የሚገኘው ኦስራም የተባለው የአምፖል ኩባንያ የተንግስተን ሽቦ እያቀጠነ ለአምፖል ያዘጋጅ ነበር። ሽቦ የሚቀጥነው በጠንካራ ነገር ላይ በተበሳ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እየተጎተተ ነው፤ ያ ጠንካራ ነገር ደግሞ አልማዝ ነበር፤ ውድ ነው። ተንግስተን ካርባይድ እጅግ ጠንካራ እንደሆነ ይታወቃል፤ ችግሩ ተሰባሪነቱ ነው። እዚያ ይሠራ የነበረው ካርል ሽሬተር በ1923 ፓተንት ያወጣበት መላ ይህ ነው፤ የተንግስተን ካርባይድ ዱቄት ከጥቂት ኮባልት ዱቄት ጋር ይደባለቃል፣ በቅርጽ ተጨምቆ 1,400 ዲግሪ አካባቢ ባለው ምድጃ ይጋገራል። ካርባይዱ በዚህ ሙቀት አይቀልጥም። ኮባልቱ ግን ተንግስተንና ካርቦን ጥቂት ስለሚሟሟበት፣ ለብቻው ቢሆን ኖሮ ከሚቀልጥበት ሙቀት በታች ይቀልጥና በቅንጣቶቹ መካከል ሰርጎ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ቅንጣቶች በማይሰበር ብረት ተያይዘው ይገኛሉ። የተጨመቀው ዱቄት በምድጃው ውስጥ በየአቅጣጫው ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይሸበሸባል፤ ቅርጹን የሚሠራው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ አስልቶ ትልቅ አድርጎ መጀመር አለበት።

በዕለት ንግግር “ጠንካራ” የምንለው ሁለት ነገሮችን ያጠቃልላል፤ በምርምር ቤት ግን ለየብቻ ይለካሉ። አንደኛው ሌላ ነገር እንዳይጭረው መቋቋም ነው። ሁለተኛው ስንጥቅ ከጀመረው በኋላ ስንጥቁ እንዳይሮጥ መያዝ ነው። መስታወት የመጀመሪያው አለው፣ ሁለተኛው የለውም። በካርባይድ መሣሪያ ላይ ስንጥቅ ከቅንጣቱ ወጥቶ ኮባልቱ ላይ ሲደርስ ኮባልቱ እየተለጠጠ ጉልበቱን ይበላበታል። ስለዚህ አምራቹ በእጁ ያሉት ማስተካከያዎች የኮባልቱ መጠንና የቅንጣቱ ስፋት ናቸው። ኮባልት ሲበዛ መሣሪያው ምት ይችላል ግን ቶሎ ይበላል፤ ሲያንስ ስለቱ ይቆያል ግን ምት ሲያገኘው ይሸረፋል። በቶርኖ ላይ ብረት ለሚያለሰልስ ምላጭ ኮባልቱ ጥቂት ነው፤ ለሚቀጠቅጥና ለሚጨፈልቅ መሣሪያ እስከ አንድ አራተኛ ይደርሳል። ለአንዱ ሥራ የተሠራ ካርባይድ በሌላው ላይ ሲሰበር ጥፋቱ የዕቃው ጥራት ሳይሆን የምርጫው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሌላው ትልቅ ጥቅም ሙቀት ነው። ለፈጣን ቆረጣ የሚሠራው ልዩ ብረት 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መላላት ይጀምራል፤ ካርባይድ ከዚያ በላይ ቀልቶም ስለቱን ይይዛል። የፋብሪካ ማሽኖች በብዙ እጥፍ ፍጥነት መቁረጥ የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ ዕቃው ምንጭም ማወቅ ይገባል፤ ከዓለም ተንግስተን አብዛኛው የሚወጣው ከቻይና ነው፣ ከኮባልቱም አብዛኛው ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ። ቻይና በየካቲት 2025 በተንግስተን ወጪ ንግድ ላይ ቁጥጥር ስታደርግ በዓለም ዙሪያ መሣሪያ ሠሪዎች የተጨነቁት ለዚህ ነው። ያገለገለ የካርባይድ ጫፍ ዋጋ አለው፤ ተሰብስቦ እንደገና ዱቄት ይሆናል። ይህን ጫፍ በግራይንደር የሚስሉ ሰዎች ደግሞ አፍና አፍንጫቸውን በተገቢ ጭምብል ይሸፍኑ፤ የኮባልትና የተንግስተን ካርባይድ ብናኝ አንድ ላይ ሲተነፈስ ሳንባን የሚያጠነክር በሽታ ያመጣል፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ከተባሉት ጋር መድቦታል።

ከመሞረጃ ወደ ኤሌክትሮኒክስ

በ1891 ኤድዋርድ አቺሰን የተባለ፣ ቀድሞ ከኤዲሰን ጋር የሠራ አሜሪካዊ በፔንሲልቬኒያ ሰው ሠራሽ አልማዝ ለመሥራት እየሞከረ ነበር። ሸክላ አፈርና የተፈጨ ኮክ ከሰል በብረት ዕቃ ውስጥ አድርጎ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍበት በካርቦን ዘንጉ ዙሪያ የሚያብረቀርቁ ትናንሽ ክሪስታሎች አገኘ። መስታወት ይጭራሉ። አልማዝ አልነበሩም፤ የሲሊከንና የካርቦን ውህድ ነበሩ፤ ሲሊከን ካርባይድ። አቺሰን መጀመሪያ ለከበረ ድንጋይ ሠሪዎች በአልማዝ ዱቄት ምትክ ሸጠው። ሥራው ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ ፋብሪካውን በ1895 ወደ ናያግራ ፏፏቴ ወሰደው። ዛሬም የብርጭቆ ወረቀቱና የመሞረጃ ድንጋዩ ሲሊከን ካርባይድ የሚመረተው በመሠረቱ በዚያው መንገድ ነው፤ ንጹሕ አሸዋና ኮክ በግራፋይት እምብርት ዙሪያ ይከመራሉ፣ እምብርቱም በኤሌክትሪክ ይጋላል።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦንሪ ሟሳን በ1893 በአሪዞና ከወደቀ ተወርዋሪ ድንጋይ ውስጥ ይህንኑ ነገር አገኘ፤ መጀመሪያ አልማዝ መስሎት ነበር። በምድር ላይ በተፈጥሮ እምብዛም አይገኝም፤ በከዋክብት ዙሪያ ግን ይፈጠራል። በ1969 አውስትራሊያ መርቺሰን በተባለ ቦታ ከወደቀው ድንጋይ የተለቀሙ የሲሊከን ካርባይድ ቅንጣቶችን ተመራማሪዎች መርምረው በ2020 ባወጡት ውጤት አንዳንዶቹ የ7 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። ፀሐያችን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው ያላት። ከፀሐይ የቀደመ ብናኝ ያን ሁሉ ዘመን ሳይፈርስ ደርሶ በእጅ መያዙ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ያቆየውም ያው አጭሩ ትስስር ነው።

በ1907 ሄንሪ ራውንድ የተባለ የሬዲዮ መሐንዲስ በሲሊከን ካርባይድ ክሪስታል ላይ 10 ቮልት ሲያሳልፍ ቢጫ ብርሃን አየና በአጭር ደብዳቤ ጽፎ አሳወቀ። ዛሬ በየቤቱ ያለው ኤልኢዲ መብራት የመጀመሪያው ብልጭታ ይህ ነው። ሆኖም ያኔ የነበረው ክሪስታል ቆሻሻ ስለነበር ብዙ ሊገፋበት አልተቻለም።

አሁን ትስስሩ ለኤሌክትሪክ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ቺፕ በሚሠራበት፣ ኤሌክትሪክን በከፊል በሚያስተላልፈው ቁስ (በሴሚኮንዳክተር) ውስጥ ኤሌክትሮን ከአቶሞች ትስስር ወጥቶ በነጻ እንዲንቀሳቀስ የተወሰነ ጉልበት ያስፈልገዋል። ለሲሊከን ይህ ጉልበት 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ያለ ጉልበት የሚለካበት) ነው። በሲሊከን ካርባይድ ውስጥ አቶሞቹ ተቀራርበው በብርቱ ስለተያያዙ፣ በኤሌክትሮኒክስ በብዛት ለሚሠራበት ዓይነት 3.26 ይሆናል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሙቀት ኤሌክትሮኖችን በቀላሉ ስለማያስፈታቸው ቺፑ ሞቆም ሥራውን አይስትም። የአሜሪካው ናሳ በኦሃዮ ባለው የግሌን ማዕከል የሠራቸውን የሲሊከን ካርባይድ ቺፖች የቬነስ ፕላኔትን ገጽ በሚመስል፣ 460 ዲግሪ በሚደርስና ግፊቱ በበረታ ክፍል ውስጥ ያለ ማቀዝቀዣ ለ3 ሳምንት አሠርቷቸዋል። ቬኔራ 13 የተባለችው የሶቭየት መንኮራኩር በ1982 ቬነስ ላይ አርፋ የቆየችው ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ማንኛውም ዕቃ በጣም ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲጫነው በመጨረሻ ይሸነፍና ኤሌክትሪኩ በውስጡ ጥሶ ያልፋል። ሲሊከን ካርባይድ ከመሸነፉ በፊት ሲሊከን ከሚችለው አሥር እጥፍ ገደማ ይችላል። 1,200 ቮልት የሚያግድ የሲሊከን ሽፋን መቶ ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) አካባቢ ውፍረት ሲፈልግ፣ ሲሊከን ካርባይድ አሥር ማይክሮን ያህል ይበቃዋል። ሽፋኑ ሲሳሳ፣ እንደ ማብሪያና ማጥፊያ የሚሠራው ቺፕ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍበት ጊዜ ኤሌክትሪኩ የሚሻገረው መንገድ ያጥራል። ይህ ብቻ አይደለም፤ ኤሌክትሮን የሚያበዛውን ቅመም በሽፋኑ ውስጥ በብዙ እጥፍ መጨመር ይቻላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰሉ በንድፈ ሐሳብ የሽፋኑ ተቃውሞ በመቶዎች እጥፍ ይቀንሳል። በሙቀት የሚባክነው ኃይል ያን ያህል ያንሳል ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚሰጠው ቀጥታ ኤሌክትሪክ ነው፤ አብዛኛው ሞተር የሚፈልገው ደግሞ ተለዋዋጩን ነው። በመካከል ያለው ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ይለውጠዋል፤ በእያንዳንዱ ቅያሬ ጥቂት ኃይል ይባክናል። ቴስላ በ2017 ለገበያ ባቀረበው ሞዴል 3 ኢንቨርተሩን በሲሊከን ካርባይድ ሲሠራ ሌሎች ተከተሉት። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ሁሉም ግን ሲሊከን ካርባይድ የላቸውም፤ ርካሾቹ በአብዛኛው በሲሊከን ይሠራሉ። ገዢ ስለ ባትሪው ብቻ ሳይሆን ስለ ኢንቨርተሩም ቢጠይቅ መልካም ነው፤ በአንድ ቻርጅ የሚኬደውን ርቀት የሚወስነው ባትሪው ብቻ አይደለም።

ታዲያ ለምን ዘገየ?

ከአቺሰን ምድጃ እስከ መኪናው ቺፕ መቶ ዓመት አልፏል። ምክንያቱ ክሪስታሉን ማሳደግ ነው። ሲሊከን በ1,414 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከቅላጩ ላይ ትንሽ ዘር ክሪስታል ነክሮ በቀስታ በመሳብ በጥቂት ቀናት ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግንድ ይወጣል። ሲሊከን ካርባይድ ግን በተለመደው ግፊት አይቀልጥም፤ ትስስሩ እስኪፈታ ሲጋል በቀጥታ ይተናል። ስለዚህ ዱቄቱ በተዘጋ የግራፋይት ዕቃ ውስጥ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይጋላል፣ ትነቱም ወጥቶ በላይ በተቀመጠው ዘር ላይ ይጋገራል። በሰዓት የሚያድገው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ሳምንት ተጠብቆ የሚገኘው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ባለሙያው በጋለው ዕቃ ውስጥ የሚሆነውን በዓይኑ ማየት አይችልም። ከዚያ ደግሞ ስስ ሳህን አድርጎ መቁረጥ አለ፤ መሞረጃ የሚሆነውን ነገር የሚቆርጠው አልማዝ የተለበጠበት ሽቦ ነው፣ ከውዱ ክሪስታልም ብዙው ብናኝ ሆኖ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚከብደው የአቶሞቹ አደራደር ነው። በገበያ ብርቱካን የሚከምር ነጋዴን እናስብ። ሁለተኛው ረድፍ በመጀመሪያው ረድፍ ጉድጓዶች ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛው ረድፍ ግን ምርጫ አለው፤ በትክክል ከመጀመሪያው በላይ ሊውል ይችላል፣ ወይም በሌሎቹ ጉድጓዶች። ክምሩ በሁለቱም መንገድ ይቆማል። የሲሊከን ካርባይድ ሽፋኖችም እንዲሁ ናቸው፤ በተለያየ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ከ200 በላይ ዓይነት ክሪስታል ይፈጥራሉ። ኬሚካላዊ ይዘታቸው አንድ ነው፣ የኤሌክትሪክ ጠባያቸው ግን ይለያያል፤ ከላይ 3.26 ያልነው በአንዱ አደራደር በ2.4 አካባቢ ይሆናል። በዓይነቶቹ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ክሪስታሉ ሲያድግ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይንሸራተታል።

ለዚህ መፍትሔ ያገኘው የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሂሮዩኪ ማትሱናሚና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሥራቸውን በ1987 አስታወቁ። የክሪስታሉን ገጽ ቀጥ አድርገው ከመቁረጥ ጥቂት ዲግሪ አጋደሉት። የተጋደለ ገጽ በአቶም ደረጃ ሲታይ ጥቃቅን ደረጃዎች አሉት። አዲስ የሚያርፈው አቶም በደረጃው ጠርዝ ላይ ሄዶ ይለጠፋል፤ የደረጃው ግድግዳ ከሥር ያለውን ቅደም ተከተል ስለሚያሳይ አቶሙ የት እንደሚቀመጥ ምርጫ አይኖረውም። ሙቀቱንም ሆነ ጋዙን ሳይሆን የመቁረጫውን ማዕዘን መለወጥ ለአሥርተ ዓመታት የቆየውን ችግር ፈታ። ለኔ በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ ይህን የሚያህል ውብ ሐሳብ የለም።

ሌሎች እንከኖች ቀርተው ነበር። ክሪስታሉን ከታች እስከ ላይ የሚወጉ ባዶ ቱቦዎች ነበሩ፤ አንድ ቱቦ ያረፈበት ቺፕ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲጫነው ይበላሻል። እነሱን ማጥፋት የ1990ዎቹና የ2000ዎቹ ሥራ ነበር። በማብሪያው ላይ የሚሠራው የኦክሳይድ ሽፋንም አስቸግሯል፤ ሲሊከኑ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ካርቦኑ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ በመገናኛው ላይ ይቀርና የኤሌክትሮኖችን መንገድ ይዘጋል። በናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ውስጥ ማጋል ችግሩን ቢያቀለውም እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም። ክሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሞስፌት የተባለውን የሲሊከን ካርባይድ ማብሪያ ለገበያ ያቀረበው በ2011 ነው። ይኸው ኩባንያ ስሙን ወደ ዎልፍስፒድ ቀይሮ 200 ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው ሳህኖች የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ ከከፈተ በኋላ፣ በዕዳና በቻይና አምራቾች የዋጋ ፉክክር ተጨንቆ በ2025 በኪሳራ ሕግ ሥር ጥበቃ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመትም ከዚያ ወጣ። ለገዢው የዋጋው መውረድ ጥሩ ነው፤ ለምርምሩ ገንዘብ የሚያወጣው ማን ይሆናል የሚለው ግን ያሳስበኛል።

ከቤተሰቡ ሌሎች አባላትም አሉ። ቦሮን ካርባይድ ከአሉሚኒየም እንኳ ቀላል ሆኖ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ጥይት መከላከያ ይሠራበታል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታ ግን ጥንካሬው በድንገት ይወርዳል። በ2003 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳይቷል፤ በምቱ ቦታ ክሪስታሉ በጣም ቀጭን በሆኑ መስመሮች ላይ ሥርዓቱን ያጣል። ሃፍኒየም ካርባይድ ወደ 4,000 ዲግሪ እስኪጠጋ አይቀልጥም። በ2011 ደግሞ በፊላደልፊያ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ አሉሚኒየም ያለበትን የታይታኒየም ካርባይድ ውህድ በአሲድ አሽተው አሉሚኒየሙን ብቻ በማውጣት ጥቂት አቶም ውፍረት ያላቸው የካርባይድ ቅጠሎች አገኙ። ማክሲን ይባላሉ፤ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፉ ለባትሪና የሬዲዮ ሞገድ ለመከላከል ይጠናሉ።

ሲሊከን ካርባይድን ለማጥራት የተደከመበት እንከን አሁን በሌላ መስክ ተፈላጊ ሆኗል። በክሪስታሉ ውስጥ አንድ ሲሊከንና አጠገቡ ያለው አንድ ካርቦን ሲጎድሉ በክፍተቱ የሚቀሩት ኤሌክትሮኖች እንደ ጥቃቅን ማግኔት ይሆናሉ፤ በብርሃንና በማይክሮዌቭ ሊታዘዙና ሊነበቡ ይችላሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የዴቪድ አውሻሎም ቡድን በ2011 ይህን በተለመደው የክፍል ሙቀት አሳየ። በ2022 ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲና በአርጎን ላቦራቶሪ ተመራማሪዎቹ በእጅግ ቀዝቃዛ ሁኔታ የኳንተም መረጃን (በኤሌክትሮን ሁኔታ ላይ የሚቀመጥ መረጃ) በአንድ እንዲህ ባለ እንከን ውስጥ ከ5 ሰከንድ በላይ አቆዩ፤ በዚህ መስክ 5 ሰከንድ ረጅም ጊዜ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ግን እንከኑ ብቻውን እንዲቆም ሌላው ሁሉ ንጹሕ የሆነ ክሪስታል ነው፤ የአቶሞቹ ኒውክሊየስ ሳይቀር ማግኔታዊ ያልሆነው ዓይነት እንዲሆን ተመርጦ ይሠራል። እንዲህ ያለው ክሪስታል የሚያድገው ለመኪናው ቺፕ ሲባል በተሻሻለው፣ በዚያው በተጋደለው ገጽ ላይ ሽፋን የመደራረብ ዘዴ ነው።